አያቴ ኮሪያ ዘምተው ይሆን? ማረጋገጫው ከየት ይገኛል?

የጉለሌ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴን አባት ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። እናቴ ሕፃን ሳለች ስለሞቱ በቅጡ አታስታውሳቸውም። በቤተሰቡ ሲነገር የኖረው «ክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ ባሕር ተሻግረው ዘምተዋል» የሚል ብቻ ነው። አዲስ አበባ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አያቴ ከሁለት ወታደሮች ጋር ቆመዋል፤ ከጀርባው በቀለም «53» ተብሎ ተጽፏል። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደውሎ «የኮሪያ ዘማች መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት የሚያስወጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ 300 ዶላር ላኪ» አለኝ። ኮሪያውያን ለዘማች ቤተሰቦች በሚሰጡት የትምህርት ዕድል ልጁን ሊያስመዘግብ ነው። እናቴም «ላኪለት» ትለኛለች። እኔ ግን ከገንዘቡ በፊት እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ኮሎምበስ ኦሃዮ
እህቴ፣ እዚህ አገር ለሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። የወታደር የግል ማኅደር የሚቀመጠው ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ነው። ቅጹን ሞልተሽ ትልኪያለሽ፣ መልሱ በፖስታ ይመጣል። የጎረቤቴን አባት ማኅደር በዚህ መንገድ አስወጥተናል። ለደላላ አምስት ሳንቲም እንዳትልኪ።

ጡረተኛው መምህር፣ ቶሮንቶ
ወንድሜ፣ ምክርህ ቅን ነው። ሴንት ሉዊስ ያለው ግን የአሜሪካውያን ማኅደር ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. በተነሣው ቃጠሎም የዚያ ዘመን የምድር ጦር ማኅደር አብዛኛው ወድሟል። የእኛ ወታደር የግል ፋይል እዚያ አይገኝም።

ልጄ፣ በመጀመሪያ «53» የሚለውን ቁጥር እንመልከት፤ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚያ ላይ ነው። ወደ ኮሪያ የተላከው ጦራችን ቃኘው ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ደረሰ። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች 1953 መሆኑ ነው። ስለዚህ «53» የፈረንጅ ዓመት ከሆነ ኮሪያ ይሆናል። የእኛ ከሆነ ግን 1953 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ደግሞ ጦራችን በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ነበር። አያትሽ የዘመቱት ወደ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ፎቶውን በደንብ ተመልከቺ። ትከሻቸው ላይ ክብ ምልክት፣ በውስጡም ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ካሉ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው፤ ቃኘው የተዋጋው በእርሱ ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተደርቦ ነው። የራስ ቁራቸው ወይም ቆባቸው የተባበሩት መንግሥታት አርማ ካለበት ወደ ኮንጎ ያደላል። ሜዳሊያ ካለ ደግሞ ቤተሰቡ ይፈልገው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ በአማርኛ ጽሑፍም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥብጣቡ ነጭና ሰማያዊ ቀጫጭን መስመር ነው።

አንቺ ያለሽበት ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። የ7ኛው ክፍለ ጦር የውጊያ ሪፖርትና የጦሩ ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው ምስሎች እዚያ ይገኛሉ፤ የተመራማሪ መታወቂያም በነጻ ይሰጣሉ። የተራ ወታደር ስም ማግኘት ግን ብርቅ ነው። ስም ስትፈልጊ የአባትና የአያት ስም፣ ማዕረግ፣ ካለም የወታደር ቁጥር ያዢ። የወደቁት ስም ቡሳን በሚገኘው የመታሰቢያ መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ አያትሽ በሕይወት ተመልሰው ከሆነ ግን እዚያ አታገኚያቸውም። አዲስ አበባ የዘማቾቹ ማኅበር አለ። የአክስትሽ ልጅ ደላላውን ትቶ አፍንጮ በር ወደሚገኘው መታሰቢያ ሄዶ ማኅበሩን ራሱ ይጠይቅ።

የእናቷ ልጅ፣ ጅዳ
ሰፈራችን አንድ የኮሪያ ዘማች አባት ነበሩ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ሜዳሊያቸውን በእናታቸው ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ከጤፍ ጎታ ሥር ቀበሩት። ልጆቻቸው እንኳን የሰሙት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እህቴ፣ የእናንተም ወሬ የጠፋው ለዚህ ይሆናል። እኔ እናቴን በስልክ ብቻ ነው የማያት። ደመወዝ ስቀበል ለቤት ኪራይ፣ ለመድኃኒት፣ ለተዝካር እልካለሁ፤ ስለ አባቷ አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም። አንቺ እናትሽ አጠገብሽ ናት። ዛሬውኑ ጠይቂያት፤ ድምፅዋንም ቅጂ።

የጉለሌ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። እናቴን ጠየቅኳት። የተወለደችው 1950 ዓ.ም. ነው። ሴት አያቴ ስለ ባላቸው ደጋግመው «በታኅሣሡ ግርግር ጊዜ እቤት አልነበረም» ይሉ እንደነበር ነገረችኝ። ለፎቶው የአክስቴን ልጅ ብጠይቀው «ገንዘቡ ሲደርስ እልካለሁ» አለኝ።

ጡረተኛው መምህር፣ ቶሮንቶ
«እቤት አልነበረም» ኮንጎም ሊሆን ይችላል፣ የጦር ሰፈርም፣ እስር ቤትም። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱን የመራው ክቡር ዘበኛ ስለነበር ሙከራው ከከሸፈ በኋላ ብዙ ሰው ታስሯል፣ ተበትኗል። ፎቶውን ሳናይ መቁረጥ አይቻልም።

የዘማች ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ፤ አሁን ግን አልቻልኩም። አባቴ ኮሪያ ቆስሎ ተመልሶ በጡረታ ስድስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው። በዚያ ዘመቻ ከ120 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም። ያንን ስም ደላላ በ300 ዶላር እየቸረቸረው ነው! በሐሰት ወረቀት አንድ ልጅ ሲገባ የእውነተኛ ዘማች የልጅ ልጅ ይቀራል። እህቴ፣ የምትልኪው ገንዘብ ለዚህ ነው የሚውለው።

ኮሎምበስ ኦሃዮ
ሰው እውነቱን ልወቅ ብሎ ሲጠይቅ ሌባ ማድረግ ምን ይባላል? ልጅቷ ገንዘብ አልላከችም። የአክስቷም ልጅ ቢሆን የልጁ ነገር አስጨንቆት ነው። እዚያ ያለውን ኑሮ ረሳኸው?

የዘማች ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ
አልረሳሁም። አባቴ የሞተው በዚያው ኑሮ ውስጥ ነው። ችግር ያለበት ሁሉ የሌላውን አባት ስም ይውሰድ ነው የምትለኝ?

ኮሎምበስ ኦሃዮ
የሌላ አባት ስም መሆኑን በምን አወቅህ? መምህሩ ራሳቸው አልቆረጡም። ሰውዬው በእርግጥ ዘምተው ከሆነ ይቅርታ ትጠይቃታለህ?

የዘማች ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ
ዘምተው ከሆነማ ወንድሟ ነኝ፤ ማኅበሩ ዘንድ ራሴ ስልክ እደውልላታለሁ። ደላላውን ግን ዛሬም ነገም አልቀበልም።