የማሳ ቦታ በሌለው ትምህርት ቤት የግብርና ተግባር ትምህርት እንዴት ይሰጣል?

ጠያቂ፦ ዕጩ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች። በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ካገኘሁ በኋላ አሁን በድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ (ፒጂዲቲ) ሥልጠና ላይ እገኛለሁ፤ በኅዳር ወርም ደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ግብርናን በማስተማር ልምምዴን እጀምራለሁ። ግብርና በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ከገባ ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለሆነው፣ ልምድ ያለው መምህር በቅርብ ማግኘት አልቻልኩም።

ያሳሰበኝ የተግባሩ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ለሰርቶ ማሳያ የሚሆን ቦታ የለውም፤ በአንድ ክፍል ውስጥም ከ60 የማያንሱ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ከዚህም በላይ የትምህርት ዘመኑ ከእርሻው ወቅት ጋር አይገጥምም። ዋናው ዘርና አረም የሚከናወኑት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ ሰብሉ ወደ መድረሱ ነው። በኅዳር ደግሞ ውርጭ ስለሚያሰጋ የጓሮ አትክልት ልዝራ ብልም ያስፈራኛል። በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ተምሮ ያለፈን ልጅ ግብርና ተምሯል ለማለት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በእኔ ቦታ ብትሆኑ በምን ትጀምሩ ነበር?

መልስ፦ የ11ኛ ክፍል የግብርና መምህር

እህቴ፣ ኅዳርን እንደ መጥፎ ወቅት ባያዩት ይሻላል። በእርስዎ አካባቢ ኅዳር ገብሱና ስንዴው የሚታጨድበት ጊዜ ስለሆነ፣ ማሳው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። እኔ ብሆን የምጀምረው በምርት ግምት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ ከእንጨት ያሠሩ፤ ከአንድ አርሶ አደር ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ተማሪዎቹ ከማሳው ዳር ገባ ብለው፣ ያማረውን ቦታ ሳይመርጡ ክፈፉን በአምስት ቦታ እንዲጥሉ ያድርጉ። በክፈፉ ውስጥ ያለውን ሰብል ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ፣ ያበጥራሉ፣ ከዚያም ይመዝናሉ። በአንድ ካሬ ሜትር የተገኘ አንድ ግራም በሄክታር 10 ኪሎ ግራም ማለት ስለሆነ፣ የአምስቱ ቦታ አማካይ 250 ግራም ቢሆን ማሳው በሄክታር 25 ኩንታል ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «የጎረቤቱ ማሳ ለምን በለጠ?» የሚለውን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ያነሡታል፤ የአፈር ለምነት፣ የዘር ዓይነት፣ የማዳበሪያ መጠንና የመረሬ መሬት ውኃ መቋጠር በአንድ ጊዜ ወደ ውይይቱ ይገባሉ። የተመዘነውን እህል ለባለቤቱ መመለስ እንዳይረሳ እለምንዎታለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ዕጩ መምህር ያንኑ ማሳ መጠየቁ አይቀርም።

በክፍል ውስጥ ደግሞ የብቅለት ፈተናን የሚተካ ነገር የለም። ተማሪዎች ከየቤታቸው ካመጡት ዘር 100 ፍሬ ቆጥረው በርጥብ ጨርቅ ላይ ያኖራሉ፣ በየቀኑ እያረጠቡ የበቀለውን ይመዘግባሉ። ከመቶው 80 ብቻ ከበቀለ፣ በሄክታር 100 ኪሎ ሊዘራ የታሰበው ወደ 125 ኪሎ ከፍ ማለት እንዳለበት አስልተው ለወላጆቻቸው ይነግራሉ። ይሁንና ገና የታጨደ ገብስ እንቅልፍ ላይ ሊሆንና ደኅና ዘር ሆኖ ሳለ ላይበቅል ስለሚችል፣ ያለፈውን ዓመት ዘር ይጠቀሙ፤ ይህን ሳያውቁ ከጀመሩ ውጤቱ ያሳስትዎታል።

መልስ፦ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ከመስክ ወገን ጥቂት ልጨምር። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ቢሉ መልካም ነው። በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚመደቡት በቀበሌ ስለሆነ፣ የትኛው አርሶ አደር ተማሪ በደስታ እንደሚቀበል ያውቃሉ። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ መሬት ካለው፣ በደብዳቤ ከተጠየቀ ለተማሪዎች ጥቂት መደብ ሊፈቀድ ይችላል። 60ውን ተማሪ በአንድ ጊዜ ይዘው ወደ ሰው አውድማ አይሂዱ፤ ለባለቤቱም ለእርስዎም ጭንቅ ይሆናል። በቡድን ከፍለው በተለያየ ቀን ይውሰዷቸው።

የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለተዘጋጀ ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር እንኳ የማያውቁት ይመስላቸዋል። ስለ ዕፅዋት በሽታ ሲያስተምሩ በሰሜን ሸዋ ባቄላውን ከሚያጠፋው ከቆርምድ ይጀምሩ፤ ቤተሰቡ የተጎዳበት ልጅ ምልክቱን ከመጽሐፉ አስቀድሞ ይነግርዎታል፣ የተሕዋስያኑ ስም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከእንስሳት በኩልም መሬት የማይጠይቅ ተግባር አለ፦ የመንዝ በግን የወገብ አጥንት በእጅ ዳስሶ የሥጋ ይዞታውን ከ1 (በጣም የከሳ) እስከ 5 (በጣም የሰባ) መገመት። በተረፈ፣ የፀረ ተባይ ዕቃ ባዶም ቢሆን በተማሪ እጅ እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ የግብርና ኮሌጅ አሠልጣኝ

ሁላችሁም ያላነሣችሁት አንድ ነገር ይከነክነኛል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ያረፈደ ወይም የረበሸ ተማሪ የሚቀጣው አፈር በመቆፈርና አረም በመንቀል ነው። ያው ልጅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መቆፈሪያ ይዞ ሙያ ተማር ቢባል እንዴት ልቡን ይሰጣል? በዚያ ላይ «ገበሬ እንዳትሆን ተማር» እየተባለ ያደገ ነው። ስለዚህ ዕጩ መምህርት፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር በእርስዎ ክፍል የመሬት ሥራ ፈጽሞ ቅጣት እንዳይሆን አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ርእሰ መምህሩንም በአክብሮት ያነጋግሩ። ቁፋሮውን እርስዎ ራስዎ ቀድመው ይጀምሩት፤ መምህሩ እጁን በኪሱ ከትቶ የሚያዝዝበት ተግባር ከቅጣት የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ ዕጩ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ ተማሪዎቹ በቡድን ከሠሩ ለእያንዳንዱ የተግባር ነጥብ በምን መሠረት ልስጥ? ጎበዞቹ ሠርተው ሌሎቹ እንዳይቆጠርላቸው እሰጋለሁ።

መልስ፦ የ11ኛ ክፍል የግብርና መምህር

የቡድኑን ውጤት ለሁሉም እኩል ይስጡ፣ ነገር ግን ከነጥቡ ግማሹን ለግል መዝገብ ያስቀሩ። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ደብተር ቀኑን፣ ያየውንና የለካውን ይጽፋል፤ እርስዎም በየሳምንቱ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ሳያሳውቁ ጠርተው ስለ መዝገቡ በቃል ይጠይቁታል። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ሁሉም መከታተሉ አይቀርም። ምልከታው ትክክል ከሆነ ዘሩ ባይበቅልም ሙሉ ነጥብ እንደሚያገኙ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ያልበቀለውን በቅሏል ብለው ይጽፉልዎታል።