220 ናኖሜትር ላይ ንባቡ ይዘላል፤ ኖይዙን (የንባቡን መዋዠቅ) በምን ላጥፋው?

ቸኳዩ፦ ድረሱልኝ፣ ውጤቱን ዛሬ ማታ ላስረክብ ነው! ስፔክትሮፎቶሜትሩ (ናሙና በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው ማሽን) ከ350 ናኖሜትር በላይ ጥሩ መስመር ይሰጣል። 220 ላይ ግን የመጋዝ ጥርስ ነው። ብላንኩ (ናሙና የሌለበት ማሟሟቻ) ላይ ዜሮ አድርጌ ያንኑ ናሙና ስደጋግም 0.6፣ 0.9፣ 0.7 ይላል። መስመሩን የሚያለሰልስ ሶፍትዌር የምታውቁ?

ላምፕ ይሙቅ፦ ላምፑን አብርተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቀሃል? ሳይሞቅ ንባቡ ይንሸራተታል።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኖይዝ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ዲቴክተሩ (ብርሃኑን የሚለካው ክፍል) ላይ የሚደርሱት በዘፈቀደ ነው፤ መዋዠቁም የቁጥራቸው ስኩዌር ሩት ያህል ነው። 10,000 ቢደርሱ መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ። 100 ብቻ ቢደርሱ 10 በመቶ! ዲቴክተሩ በጨለማም የራሱ ኖይዝ አለው። የብዙ ስካን አማካይ ይረዳል፣ ግን ኖይዙን ወደ ሩብ ለማውረድ 16 ስካን ትፈልጋለህ። መንሸራተትን ደግሞ አማካይ አያድነውም...

ሳቂታው፦ ከመስመሩ ይልቅ አለቃህን ማለስለስ ይቀላል 😂

አልተዋጠልኝም፦ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። 0.7 ደህና ቁጥር ነው፤ እንዲህ ሊዘል አይገባም። ዜሮ ያደረግኸው ብላንክ ራሱ ብርሃኑን በልቶት እንዳይሆን። የናሙናውን ቦታ ባዶ አድርገህ ዜሮ አድርግና ብላንኩን ብቻውን አንብበው።

ላምፕ ይሙቅ፦ ስለ ላምፑ አልመለስክልኝም እኮ።

ቸኳዩ፦ ላምፑ ከጠዋት ጀምሮ በርቷል!! ብላንኩ 2.6 አለ። ይሄ ምን ማለት ነው?

አልተዋጠልኝም፦ ንባቡ በ1 በጨመረ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል፤ 2.6 ማለት ከ400 አንድ እጅ ብርሃን ብቻ እያለፈ ነው ማለት ነው። ናሙናህ ሲጨመርበት ከ2,000 አንድ። ማሽኑ ብላንኩን ስለሚቀንስልህ ጉዳቱ አይታይህም፤ ኖይዙ ግን አይቀነስም። ሶፍትዌር ያላለፈ ብርሃን አያመጣም።

ኳርትዝ፦ ኩቬትህ (ናሙናው የሚቀመጥበት ትንሽ ዕቃ) ፕላስቲክ ነው አይደል? ተራ ፕላስቲክ ከ300 በታች ብርሃን አያሳልፍም፤ ለ220 ኳርትዝ የግድ ነው። ማሟሟቻህንም እይ፤ አሴቶን ከ330 በታች ግድግዳ ነው። ስሊቱን (ብርሃኑ የሚያልፍበትን ስንጥቅ) ብታሰፋ ብርሃን ይጨምራል፣ ጠባብ ፒክ (የመስመሩ ጫፍ) ግን ይደበዝዛል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የባዘነ ብርሃን (stray light) ነው፦ ናሙናውን ሳያልፍ ዲቴክተሩ ላይ ስለሚደርስ ንባቡን ሁልጊዜ ወደ ታች ይጎትታል። እሱ ካለ የመቶ ስካን አማካይ ብትወስድም የምታገኘው የማይዋዥቅ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ቸኳዩ፦ ፕላስቲክ ነው 🤦 ማሟሟቻው ውሃ ነው። ኳርትዝ የሚያውሰኝ ልፈልግ።

መምህሩ፦ ስለ ዲቴክተሩ የጀመርኩትን ልቀጥል?

አዲስ ገቢ፦ @ቸኳዩ ኳርትዙ ተገኘ? የእኔም ይዘላል፣ ግን 500 ላይ ነው።