የሜምስ ሞዴሌ ለምን ፑል ኢን አያደርግም?

የጣናዋ ልጅ፦
ሰላም ወገን፣ ከባሕር ዳር ነኝ። የጣናን ማዕበል የሚለካ የሜምስ (ቺፕ ላይ የሚሠራ በጣም ትንሽ ሜካኒካል መሣሪያ) አክስለሮሜትር፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥ መለኪያ፣ እየነደፍኩ ነው፤ ሐሳቤ የደንገል ታንኳ ላይ ማሰር ነው። በስፕሪንግ ተይዞ በቮልቴጅ ወደ ቋሚው ሳህን የሚሳበው ሳህን 100 በ100 ማይክሮን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት 2 ማይክሮን፣ ክብደቱ 1 ማይክሮግራም፣ የስፕሪንጉ ጥንካሬ 1 ኒውተን በሜትር። ፋይናይት ኤለመንቱ (ቅርጹን በጥቃቅኑ ከፋፍሎ የሚያሰላው ሲሙሌሽን) ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ ትናንት ደግሞ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋና እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። ለዚህ ነው ከነሰርኪቱ ቶሎ የሚሮጥ ኮምፓክት ሞዴል (በጥቂት ቀመሮች ብቻ የሚሠራ) በቬሪሎግ ኤ፣ በሰርኪት ሞዴል መጻፊያው ቋንቋ፣ የጻፍኩት። ግን ፋይናይት ኤለመንቱ 5.2 ቮልት ሳይደርስ ሳህኑ ተስቦ ይጣበቃል፣ ማለትም ፑል ኢን ያደርጋል፣ ይለኛል፣ የኔው 5.2 ላይ 0.3 ማይክሮን ብቻ ሄዶ ይቆማል። ምኑን ነው የሳትኩት?

ሽቦ፦
እህቴ፣ የኤሌክትሪክ ስበት ኃይሉ ቀመር ውስጥ ክፍተቱን 2 ብለሽ ቆልፈሽዋል፣ 0.3 የሚለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። ሳህኑ ሲጠጋ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብ ደግሞ ስበቱ በካሬ ይጨምራል፣ ስፕሪንጉ ግን በቀጥታ መስመር ብቻ ነው የሚመልሰው። የክፍተቱ አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ላንቺ 0.67 ማይክሮን ላይ ማለት ነው፣ ስፕሪንጉ ይሸነፋል። ከ2ቱ ላይ እንቅስቃሴውን ቀንሺበት። ካፓሲታንሱንም (ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) እንደዚያው፣ አለዚያ ሰርኪቱ የሚያየው ቻርጅ ከሜካኒኩ ጋር አይገጥምም።

ዘንዘልማ፦
ልክ ነው። እኔን ሳምንት ሙሉ ያቃጠለኝን ልጨምርልሽ። ቬሪሎግ ኤ ይዞት የሚመጣው የፖዚሽን አብስቶል (ሲሙሌተሩ ችላ የሚለው የስህተት ልክ) 1 ማይክሮሜትር ነው። ያንቺ ሳህን እኮ በጠቅላላ የሚጓዘው 2 ነው! ሲሙሌተሩ ከ1 ማይክሮን ያነሰውን ስህተት እንደ ስህተት አይቆጥረውም። የኃይሉም 1 ማይክሮኒውተን ነው፣ ያንቺ እዚያም አይደርስም። የዲሲፕሊን ፋይሉን (እነዚህ ልኮች ያሉበትን) ከማስገባትሽ በፊት ሁለቱንም ዲፋይን አድርገሽ በጣም አሳንሻቸው፣ እኔ ለፖዚሽኑ 1 ፒኮሜትር ነው የምሰጠው። ሳህኑ ሲወድቅ ክፍተቱ ዜሮ እንዳይገባም ጠንካራ ማቆሚያ ስፕሪንግ ጨምሪበት፣ ካልሆነ በዜሮ ማካፈል ይመጣና ሲሙሌሽኑ ይሰበራል።

የጣናዋ ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ! 5.17 ላይ ጥብቅ አለ። የአየሩን ዳምፒንግስ (እንቅስቃሴውን የሚያበርደውን) ለኛ 1800 ሜትር ከፍታ ልቀይረው?

ሽቦ፦
ከታሸገ ከፍታውን እርሺው፣ የሚቆጠረው ማሸጊያው ውስጥ ያለው ግፊት ነው። የጣና ማዕበል አንዴ ለመነሳትና ለመውረድ ሰከንዶች ይፈጃል፣ ያንቺ ሳህን ግን በሰከንድ 5000 ጊዜ የሚርገበገብ ነው፣ ዳምፒንጉ ልኬትሽን አይነካም። ይልቅ 1 ጂ (የመሬት ስበት ያህል) ሙሉ ሲጫነው የሚንቀሳቀሰው 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። ማጉያው ይህችን ከኖይዝ ለይቶ ያያል ወይ? ሞዴልሽን ከማጉያው ጋር አገናኚና እሱን አሁኑኑ ፈትሺ።