የሲዚየም ጨው ውሃ ውስጥ ለምን ዘቀጠብኝ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስትሪ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። «የአልካሊ ብረቶች ጨው ሁሉ ውሃ ውስጥ ይሟሟል» እየተባልን ነው ያደግነው። ሰሞኑን ያየሁት ግን ሌላ ነው። የያዝኩት ኮሳን የሚባለውን አኒየን (አሉታዊ ቻርጅ ያለው አዮን) ነው፤ ሁለት የካርቦሬን ቅርጫቶች፣ ማለትም የቦሮንና የካርቦን ቅርጫቶች፣ ኮባልትን መሐል አድርገው የያዙትን። የሶዲየም ጨዉ ጥርት ብሎ ሟሟ፣ ውሃው ብርቱካናማ ሆነ። ብልቃጡን ስነቀንቀው እንደ ሳሙና አረፋ ሠራ። የሲዚየም ክሎራይድ ሙሙት ጠብ ሳደርግበት ግን ወዲያው ደፈረሰ። ብርቱካናማ ዝቃጭ ታች ተኛ። ሲዚየም ከሶዲየም በምን ተለየ? አበላሽቼው ይሆን?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ምንም አላበላሸሽም። ያ ሕግ ለተለመዱት ጨዎች ነው። ፖታሲየምም ቴትራፌኒልቦሬት ከሚባለው ሌላ ትልቅ አኒየን ጋር ሲገናኝ ይዘቅጣል።

ሶዲየም ትንሽ ስለሆነ ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ሲዚየም ግዙፍ ነው፤ ውሃውን ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው። ኮሳንም ያለችውን አንዲት ቻርጅ በትልቅ አካሉ ላይ በትኗታል፤ ውሃ አጥብቆ የሚጨብጠው ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ሲዚየምና ኮሳን ውሃቸውን ለመተው ብዙ አይከፍሉም። ተገናኝተው ክሪስታል ይሆናሉ። ሶዲየም ግን ውሃውን በቀላሉ አይለቅም፣ ሙሙቱ ውስጥ ይቆያል።

መልስ 2፦
ይህ ባሕርይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፕራግ አጠገብ ርዤዥ ላይ የነበሩ ኬሚስቶች ጨረር አመንጪውን ሲዚየም 137ን ከአሲዳማ የኒውክሌር ቆሻሻ የሚያወጡበትን መንገድ የሠሩት በዚሁ አኒየን ነው። ክሎሪን የተጨመረበት ኮሳን ናይትሮቤንዚን በሚባል ከውሃ ጋር በማይቀላቀል ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፣ ከቆሻሻው ጋር ይናጣል፣ ሲዚየሙ ወደ ናይትሮቤንዚኑ ይሻገራል። ብረቶቹ ከኮሳን ጋር በቀላሉ የሚሻገሩበት ቅደም ተከተል ሲዚየም፣ ሩቢዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ መጨረሻ ሊቲየም ነው። ውሃውን አጥብቆ የያዘ ወደኋላ ይቀራል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዝቃጩን ወደ ሶዲየም ጨው መመለስ ይቻላል?

መልስ 1፦
ይቻላል። ዝቃጩን በዳይኢቲል ኤተርና በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሦስት ጊዜ ናጪው። አኒየኑ ከአሲዱ ፕሮቶን ጋር ወደ ኤተሩ ይገባል፣ ሲዚየሙ ከታች ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ኤተሩ ውስጥ የገባውን በሶዲየም ካርቦኔት ገለልተኛ አድርጊው፤ የሶዲየም ጨው ይሆናል። የምትንጪበትን መለያ ፈነል ደጋግመሽ አስተንፍሺው፤ ኤተሩንም ከእሳት አርቂው።

ጠያቂዋ፦
ሞከርኩት። በሦስተኛው ላይ ብርቱካናማው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፣ የታችኛው ውሃ ቀለም አልባ ሆነ።