የድሮ ካሴቶቻችን በኤምፒ3 ብቻ ይቀመጡ?

ከብሔራዊ ቴአትር፦ ልዩነቱ ይሰማል ወይ ብለን ቅዳሜ 12 ሰው ሆነን ሞከርነው። ከካሴት የገለበጥናቸውን 10 ዘፈኖች አንዴ ሳይጨመቁ፣ አንዴ በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒ3 አሰማን፤ ከዚያ አንዱን ደግመን «ይሄ ከሁለቱ የቱ ነው?» አልን። ከ120 መልስ 66 ልክ ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ የገመተም 60 ገደማ ያገኛል። ልዩነት የለም ማለት ነው። ያልተጨመቀ የ60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋባይት ይይዛል፣ ኤምፒ3ው 58 ገደማ። ትልልቆቹን እናጥፋና ዲስኩ ይተንፍስ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አያጥፉ! «አልሰማንም» እና «የለም» ለየቅል ናቸው። 66 በግምት ሊመጣ እንደሚችል አልክድም። ግን እኔም እዚያ ነበርኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ክራሩ ሊጀምር ሲል የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ኤምፒ3 የሚጋለጠው ደግሞ እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ድምፁን እየቆራረጠ ነው የሚጨምቀው፤ ጅማቱ ድንገት ሲመታ የጭመቃው ስህተት በቁራጩ ሙሉ ይበተንና ከምቱ ቀድማ ቀጭን «ሽ» ልትሰማ ትችላለች። ረጋ ባለ የዋሽንት ድምፅ ላይ ይህን ቢፈልጉም አያገኙት። ከ10ሩ ዘፈን ክራር ያለበት ስንት ነበር? ሁለት! ስምንቱ ሁለቱን ዋጧቸው።

ከፒያሳ፦ አንዱ ልጅ ከ10 9 አላገኘም እንዴ? ይህ በግምት የሚመጣው ከመቶ አንዴ ገደማ ነው። እኔ በዚህ ብቻ አምኛለሁ።

ከብሔራዊ ቴአትር፦ ለአንድ ሰው ከሆነ ልክ ነህ። 12 ሰው ስትፈትን ግን ቢያንስ አንዱ ዕድል ቀንቶት 9 የማምጣቱ ነገር ወደ 12 በመቶ ይደርሳል። ሎተሪ የወጣለት ሰው ቁጥሩን ቀድሞ ያውቅ ነበር አይባልም።

ከአራት ኪሎ፦ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። ስለዚህ ያንኑ ልጅ ደግመን እንፈትነው። የክራሩ መግቢያ ብቻ፣ በጥሩ ሄድፎን፣ መስኮት ተዘግቶ፣ የሁለቱ ፋይል ድምፅ ከፍታ እኩል ተደርጎ። ትንሽ ጮክ ያለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላልና ይህ አይረሳ። 16 ጊዜ ይሁን፣ ቁጥሩም ከወዲሁ ይቆረጥ፤ ጥሩ ሲመጣ ማቆም የለም። 12ና ከዚያ በላይ ካገኘ በግምት የመሆኑ ዕድል 4 በመቶ አይሞላም።

ከአምባሳደር፦ እኔ ስቱዲዮ ነው የምውለው። ልጁ ፈተናውን ቢወድቅ እንኳ ፋይሎቹን አላጠፋም። ሙከራው የጠየቀው ዛሬ ሲደመጥ ይለያል ወይ ብሎ ነው፤ እኛ የምንወስነው ግን ምን እንደሚተርፍ ነው። ነገ አንዱ የካሴቱን ሹክሹክታ ላጽዳ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ ዛሬ የተደበቀው ጉድለት ብቅ ይላል። ኤምፒ3ውን እንደሱ ድምፅ ወደሚጥል ሌላ ዓይነት ሲቀይሩት ደግሞ እንደገና ይቀነሳል። ካሴቱ ራሱ እየተላጠ ነው፤ ሁለተኛ መገልበጥ ላይኖር ይችላል። ፍላክ የሚባል የፋይል ዓይነት አለላችሁ፦ አንዲት ነገር ሳይጥል ብዙ ጊዜ መጠኑን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ኤምፒ3ው ለስልክ ይሁን፤ እኔም ታክሲ ውስጥ የምሰማው እሱን ነው።

ከፒያሳ፦ እህቴ፣ ግማሽም ቢሆን ከ58 በላይ ነው። ዲስኩን ማን ይግዛ?

ከአምባሳደር፦ እናዋጣ። እኔ ጀምሬያለሁ በሉ።

ከብሔራዊ ቴአትር፦ እሺ ልጆቼ፣ ምንም አልነካሁም። ወደ ፍላክ መቀየሩን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። የልጁን ፈተና ግን አልተውም፤ ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ ሄድፎን ያለው ይዞ ይምጣ።