ዝናቡ ቆመ፤ ጤፉን ልድገም?

ጥያቄ፦ ሸበል በረንታ (ምሥራቅ ጎጃም)፣ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ) መሬት። ቡቃያው በሐምሌ ድርቅ አለቀ። ነሐሴ ገብቷል፤ ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ልዝራ?

መልስ፦ ቁንጮ ይቅርብህ ወንድሜ። ዝናቡ መስከረም ላይ ከወጣ ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። ቶሎ የሚደርሱት የጤፍ ዝርያዎች፣ ጸደይ ወይም ቦሰት፣ ይሻላሉ። በመስመር ለሄክታር 10 ኪሎ ዘር ይበቃል። ዩሪያውን ደረቅ አፈር ላይ አትበትን፤ ናይትሮጅኑ ይተናል።

መልስ፦ እኔ ግን ሽምብራ እላለሁ። ዋልካ በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝራው። በመስመሮች መካከል 30፣ በዘሮች መካከል 10 ሳንቲሜትር። እስከዚያው እርሻውን ተዳፋቱን አቋርጠህ እረስ፤ ፈሩንም በየ5 ሜትሩ በአፈር ዝጋው፣ የሚጥለው ውሃ እንዳያመልጥ።

መልስ፦ ጓያም ድርቅ ይችላል። ለወራት እሱን ብቻ መብላት ግን እግር ያሽመደምዳል።