ያለ ውልና ያለ መታወቂያ ደመወዜን እንዴት ላስከፍል?
ጤና ይስጥልኝ። በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል የተመለስኩ ነኝ። ጎንደር፣ አዘዞ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ባሬላ ስሸከም ቆይቼ የ34 ቀን ሒሳቤን ተከለከልኩ። ካርቱም እንኳ በየሳምንቱ ይከፈለኝ ነበር። ማስረጃዬ ፎርማኑ በስሜ ትይዩ በእርሳስ ምልክት የሚያደርግባት፣ ሲሚንቶ የጠጣች ደብተር ናት፤ እሷም ከኪሱ አትወጣም። «ውል የለህ፣ የቀበሌ መታወቂያ የለህ፤ ማን ነኝ ብለህ ልትከሰኝ ነው?» ይለኛል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቃል ውልም ውል እንደሆነ፣ የደመወዝ ጥያቄ ግን በ6 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) እንደሚታገድ አንብቤያለሁ። 4ቱ ወር አልፏል። አብረውኝ የሠሩ ሁለት ልጆች ቢመሰክሩልኝ ይበቃል? ፍርድ ቤት ደብተሯን ሊያስቀርባት ይችላል? ያለ መታወቂያስ ክሴን የሚቀበለኝ ማን ነው?